ሙቀት ኮሮናቫይረስን ይገድላል፤ ታዲያ ወረርሽኙን ለምን አላቆመውም?

የኢኳዶሯ የወደብ ከተማ ጓያኪል ከምድር ወገብ በስተደቡብ ሁለት ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ወበቅ የማይለያት ከተማ ናት። በ2020 ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆስፒታሎቿ ከአቅም በላይ ሞሉ፤ አስከሬን የሚያነሣም ጠፋ። ቤተሰቦች የሞቱባቸውን ሰዎች ለቀናት በየቤታቸው ይዘው ቆዩ፤ አንዳንዶች ሲቸግራቸው ደጃፍ ላይ አወጧቸው። ብዙም ሳይቆይ በአማዞን ደን መካከል ያለችው የብራዚሏ ማናውስ ሟቾቿን በረጃጅም ቦዮች ውስጥ በጋራ መቅበር ጀመረች። ሁለቱም ከተሞች ቀን ቀን ሙቀታቸው 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚደርስ፣ አየራቸውም በእርጥበት የታፈነ ነው።

በዚያው ሰሞን ግን በብዙ አገሮች ሰዎች የሚጽናኑበት አንድ ሐሳብ ነበር፤ «ሙቀቱ ሲገባ በሽታው ይጠፋል» የሚል። በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል ያሉት የሙቀቱን ወራት ይጠባበቁ ነበር፤ በሞቃታማው ያሉት ደግሞ «እኛ ዘንድ አይበረታም» ይሉ ነበር። ሐሳቡ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም። ኢንፍሉዌንዛ በቅዝቃዜ ወራት ይበረታል፤ ተራ ጉንፋን የሚያመጡት አራቱ የሰው ኮሮናቫይረሶችም መካከለኛ የአየር ንብረት ባላቸው አገሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ከዲሴምበር እስከ ሜይ ባሉት ወራት ነው። በቤተ ሙከራ ሲፈተሽም ሙቀት ቫይረሱን በእርግጥ ይገድለዋል። ስለዚህ ነገሩን «የተሳሳተ ወሬ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ችግሩ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ መታየታቸው ነው። አንደኛው ቫይረሱ ከሰው አካል ውጭ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይዛመታል የሚል። ለመጀመሪያው ጥያቄ የአየር ሁኔታ ትልቅ መልስ አለው። ለሁለተኛው ግን መልሱ ከምናስበው እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህን ልዩነት አለማየታችን ሕይወት አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ኮሮናቫይረስ ስፋቱ በአማካይ 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ክብ ነገር ነው። በውስጡ 30,000 ያህል ፊደላት ያሉት አር ኤን ኤ፣ ማለትም የዘር መመሪያውን የያዘው ሞለኪውል፣ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ከውጭ ደግሞ ከያዘው ሴል የወሰደው ስስ የቅባት ሽፋን አለው። ሽፋኑ ላይ ዘውድ መሰል ሆነው የቆሙት ፕሮቲኖች የሰውን ሴል የሚከፍት ቁልፍ ናቸው። ሳሙና ኮሮናቫይረስን ቶሎ የሚያጠፋው ያንን የቅባት ሽፋን ስለሚያሟሟው ነው፤ ሽፋን የሌላቸው እንደ ፖሊዮ ያሉ ቫይረሶች በዚህ በኩል ይበልጥ ጠንካሮች ናቸው። ቫይረሱ ከሴል ውጭ ሲሆን አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም። ስለዚህ «ሞተ» ስንል ሰውን የመያዝ ችሎታውን አጣ ማለታችን ነው። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ያጣሉ፤ አር ኤን ኤውንና ሽፋኑን የሚያፈርሰው ኬሚካዊ ሂደትም ይፋጠናል። ቅዝቃዜ ይህን ሁሉ ያዘገየዋል። ቤተ ሙከራዎች ቫይረስን ለዓመታት ማቆየት ሲፈልጉ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ የሚያስቀምጡትም ለዚህ ነው።

በ2020 መጀመሪያ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቫይረሱን በፈሳሽ ውስጥ አድርገው በተለያየ ሙቀት አቆዩት። በ4 ዲግሪ ከ14 ቀን በኋላም የቀነሰው ጥቂት ብቻ ነበር። በ22 ዲግሪ እስከ ሰባተኛው ቀን ተገኘ፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ግን አልነበረም። በ37 ዲግሪ በሁለተኛው ቀን ጠፋ፤ በ56 ዲግሪ በ30 ደቂቃ፣ በ70 ዲግሪ ደግሞ በ5 ደቂቃ። እነዚህን ቁጥሮች ያነበበ ሰው «ሙቀት ያጠፋዋል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን 37 ዲግሪ ምን እንደሆነ ቆም ብለን እናስብ፤ የራሳችን የሰውነት ሙቀት ነው። ሴል በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ በሁለት ቀን የሚጠፋው ቫይረስ በዚያው ሙቀት በሰው ሳንባ ውስጥ በሚሊዮን እየተባዛ ይኖራል፤ ምክንያቱም አካላችን ውስጥ ያረጀውን በየሰዓቱ የሚተካ ፋብሪካ አለው። ሙቅ ውሃ መታጠብም ሆነ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ከበሽታው እንደማይከላከል የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነበር። ቆዳችን ቢሞቅም የውስጥ ሙቀታችን ከ36.5 እስከ 37 ዲግሪ አካባቢ እንደረጋ ይቆያል።

ቫይረሱ ያረፈበት ነገርም ይለያያል። በ2020 ማርች የታተመ የአሜሪካ ጥናት በክፍል ሙቀት፣ በ40 በመቶ እርጥበት፣ ቫይረሱ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ሲገኝ፣ ካርቶን ላይ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ መዳብ ላይ ደግሞ ከ4 ሰዓት በኋላ እንዳልተገኘ አሳየ። በዚያው ዓመት አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በ20 ዲግሪ በመስታወት፣ በብረትና በገንዘብ ኖት ላይ እስከ 28 ቀን እንዳገኙት ሲያስታውቁ ዓለም ደነገጠ። ሙከራው የተደረገው በጨለማ ውስጥ መሆኑን ግን ዜናውን የተቀባበሉት ብዙዎቹ አልጠቀሱም። በዚያው ሙከራ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ቫይረሱ ከሁለት ቀን በላይ አልተገኘም።

ጨለማው ቀላል ነገር አይደለም። በሙቀት ወራት እኩለ ቀን ላይ የሚኖረውን የፀሐይ ጨረር በመሣሪያ አስመስለው የሞከሩ ተመራማሪዎች፣ በሰው ሠራሽ ምራቅ ውስጥ ያለ ቫይረስ በየ7 ደቂቃው ገደማ 90 በመቶው እንደሚጠፋ አይተዋል። አየር ላይ በተንሳፈፈ ጥቃቅን ጠብታ ውስጥም ተመሳሳዩ ጥፋት ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው፤ አር ኤን ኤውን ይጎዳዋል። ተራ የመስኮት መስታወት ደግሞ የዚህን ጨረር ጎጂ ክፍል አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ክፍሉን ቢያሞቀውም ከውጭው ፀሐይ ጋር አይተካከልም።

የእርጥበት እንቆቅልሽ

ሙቀት ቀጥተኛ ነው፤ በጨመረ ቁጥር ቫይረሱ ቶሎ ይጠፋል። እርጥበት ግን እንዲህ አይደለም፤ በዚህ ርዕስ ውስጥ ከሁሉ የሚማርከኝም ይህ ነው። በ2010 የወጣ ጥናት ሁለት የእንስሳት ኮሮናቫይረሶችን በብረት ላይ አድርጎ ሲመለከት፣ ቫይረሶቹ በ20 በመቶ እርጥበትም በ80 በመቶም ከ50 በመቶው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። ደረቁም ይመቻቸዋል፣ በጣም እርጥቡም ይመቻቸዋል፤ መካከለኛው ይጎዳቸዋል። እንዴት?

አንጻራዊ እርጥበት ማለት አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚናገር ቁጥር ነው። ከአፋችን የሚወጣ ጠብታ ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ጨው፣ ፕሮቲንና ንፍጥ አለበት። አየሩ በጣም እርጥብ ከሆነ ጠብታው ብዙም አይተንም፤ በውስጡ ያለው ጨው የላላ ስለሆነ ቫይረሱ አይጎዳም። እርጥበቱ መካከለኛ ሲሆን ውሃው በአብዛኛው ይተንና ቫይረሱ እጅግ በጠነከረ የጨው ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍቆ ይቀራል፤ የሚጎዳውም ይህ ነው። እርጥበቱ ከ40 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ደግሞ ጨው ራሱ ረግቶ ጠጣር ይሆናል፤ ቫይረሱን የሚያጠቃ ፈሳሽ አይኖርም። ኋላ ላይ ይህን መነሻ አድርገው በኮቪድ ቫይረስ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች በ10 ዲግሪና በ40 በመቶ እርጥበት የቫይረሱ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪጠፋ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከ24 ሰዓት እንደሚበልጥ አገኙ። በ27 ዲግሪና በ65 በመቶ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ።

ይህ ልዩነት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ወበቃማ ከተሞች መትረፍ አልነበረባቸውምን?

ጊዜው በሰኮንድ ሲቆጠር

መልሱ ያለው በሰዓትና በሰኮንድ መካከል ባለው ርቀት ላይ ይመስለኛል። ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ ሁለት ቀን ይቆይ ወይስ ሁለት ሰዓት የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው በሽታው በዋናነት በዕቃ የሚተላለፍ ቢሆን ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 ኤፕሪል እንዳስታወቀው ግን የተበከለ ነገርን አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው። በሽታው በዋናነት የሚጋባው በትንፋሽ ነው። የታመመ ሰው ሲናገር፣ ሲያስል ወይም ሲዘምር የሚወጣው ጥቃቅን ጠብታ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አፍንጫ ለመድረስ ሰኮንዶች ይበቁታል። በዚህ ፍጥነት ለሚጓዝ ነገር ግማሽ ዕድሜው አንድ ሰዓት ሆነ አሥር ሰዓት ምን ይለውጣል? በጓያኪል ሙቀት ውስጥም ቢሆን ቫይረሱ ለዚያች አጭር ጉዞ ከበቂ በላይ ዕድሜ ነበረው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ሜይ ባወጡት ሥራ፣ ማንም መከላከያ የሌለው አዲስ ቫይረስ ሲመጣ የአየር ንብረት ልጓም ሊሆነው እንደማይችል አስልተው አሳይተዋል። አሮጌዎቹ ኮሮናቫይረሶች ወቅት የሚጠብቁት ከሕዝቡ ብዙው ስለሚያውቃቸው ነው፤ ጠባብ በር ላይ የቆሙ ስለሆኑ ትንሽ የአየር ለውጥ በሩን ይከፍትላቸዋል ወይም ይዘጋባቸዋል። ለአዲሱ ቫይረስ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ደረቅ ሣር ላይ የወደቀ እሳት ነፋስ እስኪነሣ አይጠብቅም።

የዓለም ተሞክሮም ይህንኑ ይመሰክራል። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል የመጣው በብርዱ ወር በጁላይ 2020 ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በሙቀቱ ወራት በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነበር፤ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያም በ2021 መጨረሻ የፈነዳው እዚያ ሙቀት እየገባ ሳለ ነው። በሕንድ ዴልታ የተባለው ዝርያ ሕዝቡን የፈጀው በኤፕሪልና በሜይ 2021፣ ማለትም ከዓመቱ ሁሉ ሞቃት በሆኑት ወራት ነው፤ በሜይ መጀመሪያ በአንድ ቀን ብቻ ከ400,000 በላይ ሰዎች መያዛቸው ተመዝግቧል። ኦክስጅን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተቱ የሞቱትን ሰዎች ሳስብ፣ «ሙቀት ይጠብቀናል» የሚለው ተስፋ ስንቱን እንዳዘናጋ ይከነክነኛል።

ከኮቪድ በፊት የመጣውን የሌላውን ኮሮናቫይረስ፣ የሳርስን ታሪክም እዚህ ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሳርስ በኖቬምበር 2002 በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ተነሥቶ 8,096 ሰዎችን ያዘ፣ 774 ገደለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በጁላይ 5 ቀን 2003 መገታቱን አወጀ። ወሩ የሙቀት ወር ስለነበር «ሙቀት ገደለው» የሚል እምነት ሥር ሰደደ፤ በ2020ም ሰዎች ይህን ጠቅሰው ይከራከሩ ነበር። እውነቱ ግን የሳርስ ሕመምተኛ በብዛት የሚያስተላልፈው ሕመሙ ጎልቶ ከታየና ከጠና በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛን መለየትና ንክኪ ያላቸውን ፈልጎ ማቆየት ሰንሰለቱን ለመበጠስ በቃ። ኮቪድ ግን ምልክት ሳይታይ በፊት ይተላለፋል፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ወደ መርስም ይመልከት። ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፈው ይህ ኮሮናቫይረስ በ2012 የታወቀው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በምድር ላይ ካሉት ሞቃት አካባቢዎች በአንዱ ነው፤ ከሚታወቁት ሕመምተኞቹም ከሦስት አንድ ያህሉን ይገድላል።

የክፍሉ አየር

ታዲያ የአየር ሁኔታ ምንም አይደለም ማለት ነው? አይደለም። እኔ የምለው፣ የምንለካው በተሳሳተ ቦታ ነው። የትንበያ ጣቢያ የሚነግረን የውጭውን ሙቀት ነው፤ ሰው ግን አብዛኛውን ሰዓቱን የሚያሳልፈው ቤት፣ ቢሮ፣ ክፍልና ተሽከርካሪ ውስጥ ነው። ክፍል የራሱ የአየር ንብረት አለው፤ ያንን ንብረት የምንሠራው ደግሞ እኛው ነን።

በቀዝቃዛ አገር የሚሆነውን እንመልከት። በ0 ዲግሪ በተን የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 4.8 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ይህ አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ 20 ዲግሪ ሲደርስ በውስጡ ያለው ውሃ አልጨመረም፤ የመሸከም አቅሙ ግን ወደ 17.3 ግራም አድጓል። ስለዚህ ውጭ 100 በመቶ የነበረው አንጻራዊ እርጥበት ቤት ውስጥ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። ሙቀቱ ምቹ ነው፤ አየሩ ግን እንደ በረሃ ደረቅ ነው። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው የቫይረሱ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የእኛም መከላከያ ይዳከማል። የመተንፈሻ ቧንቧችን በንፍጥ የተሸፈነ ነው፤ ጥቃቅን ጸጉሮችም ያንን ንፍጥ ከነያዘው ጀርም ወደ ላይ እየገፉ ያስወግዱታል። ደረቅ አየር ይህን ሥራ ያሰናክላል። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 አይጦችን በኢንፍሉዌንዛ ሲያሲዙ፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ እርጥበት ውስጥ የቆዩት በ50 በመቶ ውስጥ ከነበሩት ይልቅ በጽኑ ታመሙ።

አፍንጫችንም ቢሆን ከሳንባችን ይቀዘቅዛል፤ ወደ 33 ዲግሪ ገደማ ነው። የኮቪድ ቫይረስ በሰው የመተንፈሻ አካል ሴሎች ላይ ሲሞከር በ33 ዲግሪ ከ37 ዲግሪ በተሻለ ተባዝቷል፤ ሴሎቹ የሚያሰሙት የመጀመሪያው የማንቂያ ደወል፣ ኢንተርፌሮን የሚባለው፣ በዚያ ቅዝቃዜ ደካማ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ሳርስ ይህን ያህል የአፍንጫ ወዳጅ አልነበረም።

ሙቀት በበረታበት አገር ደግሞ ተቃራኒው መንገድ እዚያው ያደርሳል። በ2020 የሙቀት ወራት በአሪዞና፣ በቴክሳስና በፍሎሪዳ ሕመምተኛው የበዛው ውጭው እንደ ምድጃ ሲግል ነው። ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ መስኮት ዘግቶ ማቀዝቀዣ ስር ይሰበሰባል፤ ብዙዎቹ ማቀዝቀዣዎች ደግሞ የክፍሉን አየር መልሰው መላልሰው ያዞሩታል እንጂ ከውጭ አዲስ አያስገቡም። በጀርመን በአንድ ትልቅ የሥጋ ማቀነባበሪያ በ2020 የተከሰተውን የመረመሩ ሳይንቲስቶች፣ አየሩ በ10 ዲግሪ እየቀዘቀዘ በሚዞርበት አዳራሽ ቫይረሱ ከአንድ ሠራተኛ ተነሥቶ ከስምንት ሜትር በላይ ርቀው የቆሙትን ጭምር እንደደረሰ አረጋግጠዋል። ቅዝቃዜው፣ የሚዞረው አየርና ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ የሚያስተነፍሰው ከባድ ትንፋሽ ተባበሩ። ውጭ ያለው ወር የትኛውም ይሁን፣ እነዚያ ሠራተኞች በየቀኑ ብርድ ውስጥ ነበሩ።

በዚህ ላይ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ተጨመረ። አየር ላይ ያንጠለጠሉትን ጥቃቅን ጠብታ ሲከታተሉ፣ ቀደም ሲል ብረት ላይ ከታየው በተለየ፣ በደረቅ አየር ቫይረሱ በመጀመሪያዎቹ 5 ሰኮንዶች ከመያዝ ችሎታው ግማሹን ያህል አጣ። በ90 በመቶ እርጥበት ግን ከ5 ደቂቃ በኋላም ግማሹ ገና አለ። በእርጥቡ አየር ቫይረሱን ቀስ በቀስ የሚጎዳው፣ ጠብታው ከአፍ እንደወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ወደ አልካሊነት (የአሲድ ተቃራኒ) መቀየሩ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከበዛ ግን ጠብታው መልቀቁን ይቀንሳል፤ ቫይረሱም ይቆያል። በ2024 ባወጡት ውጤት የጋዙ መጠን ውጭ ካለው ከ400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 400 ያህሉ) ትንሽ ከፍ ያለ ደረጃ ወደ 3,000 ፒፒኤም ሲደርስ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ ሰው ሊይዝ የሚችለው ቫይረስ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። 3,000 ፒፒኤም ሰው የታጨቀበት፣ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል በቀላሉ የሚደርስበት መጠን ነው።

ኮቪድ ዛሬም እንደ አሮጌዎቹ ዘመዶቹ በአንድ ወቅት አልተወሰነም። በአሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ አንዴ በብርዱ ወራት፣ አንዴ በሙቀቱ። በኦገስት 2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሙቀት ወራት መካከል፣ ቢያንስ 40 አትሌቶች በምርመራ እንደተገኘባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል። አዲስ ዝርያ ሲመጣና የቀድሞው መከላከያ ሲደክም ማዕበሉ ይነሣል፤ የቀን መቁጠሪያው ሁለተኛ ደረጃ ነው። መስኮት ሲከፈት ግን ወሩ ምንም ይሁን ምን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ የተንሳፈፈው ጠብታ ይበተናል፤ የታፈነው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል፤ በክፍሉ የቀረው ቫይረስ ዕድሜው ያጥራል።